ሁለተኛው ብርጭቆ

መጀመሪያ የተሰማት የውሃው መንቆርቆር ነበር። እናትየው የሞንቴሶሪ መዋዕለ ሕፃናቱን ክፍል በር ገፋ ስታደርግ፣ ልጇ ምንጣፏ ላይ ተንበርክካ በሶማሊኛ «ኮው፣ ለበ፣ ሰደህ» እያለች እየቆጠረች ከትንሿ ጆግ ወደ ብርጭቆ ትቀዳለች። ቤት ብርጭቆ አስነክታት አታውቅም። ልጅቷ ሞልታ በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። እናትየው እጇን ዘረጋች፤ ልጅቷ ግን አልፋት ሄዳ ለመምህርቷ ለፈርሂያ ሰጠቻትና እናቷ በማትችለው፣ ከመምህርቷ በለመደችው ሶማሊኛ አንድ ነገር አንሾካሾከችላት።

«ምን አለችሽ?» አለች እናትየው፣ ቅናት አንገብግቧት።

ፈርሂያ አመነታች። «‹እማዬ ይፈስብሻል ብላ ትነጥቀኛለች› ነው ያለችኝ፣ እህቴ።»

ልጅቷ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሞልታ ወደ እናቷ መጣች። ውሃው አፉ ላይ ይዋልላል። የእናትየው እጆች እንደ ልማዳቸው ሊቀድሙ ሲሉ ከኋላዋ አጣምራ ያዘቻቸው። ፈርሂያ ያልጠጣችውን ብርጭቆ አስቀምጣ፣ እናትና ልጅን ብቻቸውን ትታ ወጣች።