የአረፋውን በግ ማን ይረደው

ወሬውን ለሲዲቃ ይዛላት የመጣችው ጎረቤቷ ማናለብሽ ናት፤ የአረፋ ዋዜማ፣ ወንፊት ልትዋስ ብላ። ወንፊቱን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ከበሩ አልነቃነቅ አለች።

«ያ መምህራችሁ» አለች። «በጾማችሁ ጊዜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ ሻይ በዳቦ ሲበላ አይቼዋለሁ።»

ሲዲቃ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ኢስሐቅ?»

«ሌላ ምን መምህር አላችሁ? ልጄም ትላለች፣ ሰው ከየት መጣ ብለው ሲጠይቁት የሳይንስ መጽሐፉ እንዲህ ይላል ብሎ አለፋቸው። አላህ የለ፣ እግዜር የለ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«እኔ ምን ቤት ነኝ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ። የእኛም አንዳንዱ ጾም ይሽራል፤ ግን በሩን ዘግቶ ነው።» ሳቅ ብላ ሄደች።

ሲዲቃ አልሳቀችም።

መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ለእስላም ቤት ትልቁ ጣጣ ሥጋ ነው። ሉካንዳው የክርስቲያን፣ ጎረቤቱ የክርስቲያን፣ ድግሱ የክርስቲያን። ያሉት ጥቂት እስላሞች ደግሞ ለበዓል ወደ ቆላ፣ ወደ ዘመዶቻቸው ይወርዳሉ። ሴት ለእርድ ቢላ አታነሳም፤ ልማዱ ነው። ለማረድ የቀረው ኢስሐቅ ብቻ ነው። ከዲኑ የወጣ ሰው ያረደው ደግሞ ሐራም ነው። ይኼን ለማወቅ ሼህ መጠየቅ አያስፈልግም።

ይባስ ብሎ እናቷ ከሸዋ ሮቢት መጥተዋል። አሮጊቷ በዚህ ደጋ ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። «የማን እጅ እንደነካው በምን አውቃለሁ» ይላሉ። ዘንድሮ ግን ሲዲቃ ወላሂ ብላ ምላላቸዋለች፤ የሚያርደው እጅ ንጹህ ነው፣ ይብሉ።

ያ መሐላ አሁን ውሸት ሊሆንባት ነው።

ባሏ ባድሩ ልብስ ሰፊ ነው። ምሳውን ይዛ ሱቁ ስትደርስ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ እጅጌ ሊቀጥል ተቀምጧል። መርፌውን ወደ ብርሃኑ አነሳ፤ ክሩን ባንዴ አሾለከው። ከጀርባው፣ መደርደሪያው ላይ፣ እሷ የሰጠችው መስገጃ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከሰጠችው ስንት ዘመን ሆነው፤ ቀለሙ ግን እንደተገዛበት ቀን ነው። ባድሩ ዕቃ አያያዝ ያውቃል።

ነገረችው።

«ሰው በልቡ ያለውን አንቺ በምን አወቅሽ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ባደባባይ በልቷል እኮ።»

«በልቶ ይሆናል።»

«እንግዲያው አንተ እረድ። አባወራው አንተ።»

«እጄን ታውቂው የለ። ቢላ ስይዝ ይንቀጠቀጣል። በጉን አሰቃይቼ ልግደለው?»

ሁሌም መልሱ ይኸው ነው። ከኢስሐቅ በፊት የሚያርድላቸው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከሾፌሩ በፊት አንድ የመጋዘን ዘበኛ። ባድሩ አራጅ ሲመርጥ ግን ለልጁ ባል እንደሚመርጥ ሰው ነው። ይሰግዳል ወይ? ይጾማል ወይ? የማን ዘር ነው?

እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው በዚህ መምህር እንዴት ተሞኘ? ሲዲቃን ያንገበገባት ይኼ ነው። ብትጮህ አይሰማ፤ ብትለምን አይሰማ።

«ከሃዲ ቤቴ አስገብተህ እናቴን ሐራም ልታበላ ነው» አለች።

ባድሩ ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «እናትሽ ሐራም አይበሉም። እኔ እያለሁ አይበሉም።»

ምሳውን ከነሰሃኑ ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ወጣች። ማሳረፍ ሳይሆን መወርወር ነበር።

የአረፋ ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ከጓሳ ዳር የመጣው ጸጉራም በግ ጓሮ ታስሯል። ኢስሐቅ ነጭ ጀለቢያው ላይ ጃኬት ደርቦ፣ የተሳለ ቢላ ይዞ መጣ። ሲዲቃ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«መምህር፣ ቁርጡን ንገረኝ። ትጾማለህ?»

የልጁ ፊት ቀላ። «ጨጓራዬን ነው እትዬ ሲዲቃ። ሐኪም ከልክሎኝ ነው።»

«ሁሉም ሲያዝ ጨጓራ ነው የሚለው።»

«ወላሂ ሰግጄ ነው የመጣሁት። ካላመኑኝ ልሂድልዎ።»

«ከሃዲም ወላሂ ይላል። ማን ከልክሎት።»

«ምንድነው እሱ?» አሉ እናቷ፣ ደጃፉ ላይ ከተቀመጡበት።

«ምንም አይደል እማ።»

ቢላውን ከኢስሐቅ እጅ ወሰደችው። ጓሮ ዞራ ባድሩ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«እጅህ እንደ ፍጥርጥሩ ይንቀጥቀጥ» አለችው። «እናቴ ከዚህ ልጅ እጅ አይበሉም።»

ተከትለዋት ጓሮ የዞሩት እናቷ ደስ አላቸው። «ደንቡም እሱ ነው። የቤቱ ጌታ ሲያርድ ነው የሚያምረው።»

ኢስሐቅ በጉን ጣለው፤ ወደ ቂብላ አዙሮ እግሮቹን ያዘ። ባድሩ ተንበረከከ። ስለቱን በጉ አንገት ላይ አሳረፈ። ሲዲቃ እጁን አየችው። አልተንቀጠቀጠም። ክሩን በመርፌው እንዳሾለከበት ጊዜ ቀጥ ብሏል። አፉ ግን አልተከፈተም።

«ቢስሚላህ በል እንጂ» አለች።

የበጉ ትንፋሽ በብርዱ ውስጥ ይጨሳል። ባድሩ ቢላውን ከበጉ አንገት አነሳ፤ እጀታውን ወደሷ አድርጎ ዘረጋላት። አሮጊቷ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለልጁ መልሺለት። እናትሽ እኔ ያረድኩትን ከበሉ ነው ሐራም የሚሆነው።»