«ብቻዋን ነው የምትሠራው» ያልኩባት ቀን

«አብሯት የሚሠራ ሰው አለ?» አለችኝ ሴትየዋ በስልክ...

ስልኩ የቢሮ ነው። ደዋይዋ ከጎረቤት አገር ኤምባሲ፣ ከቪዛ ክፍል ናት።

አለቃችን መስክ ወጥቷል። «እሷ» የተባለችው ደግሞ ፎቶ ኮፒ ልታደርግ ወርዳለች። እና ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሴትየዋ የጠየቀችኝ ስለ ሥራ ባልደረባዬ ነው። ሁለታችንም ቀያሾች ነን። መንገድ ሳይጠረግ፣ ሕንፃ ሳይቆም መሬቱን የምንለካው እኛ ነን።

ቢሮ ውስጥ «ሚሊሜትር» ነው የምትባለው። ለአንዲት ሚሊሜትር ግማሽ ቀን ስለምትጨቃጨቅ... ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ሰባት ዓመት አብረን ለክተናል። እሷ አንድ ዐይኗን ጨፍና በመሣሪያው ታያለች፣ እኔ ማዶ ዘንጉን ቀጥ አድርጌ ይዤ እቆማለሁ። ሲደክመን እንቀያየራለን።

ታዲያ አንድ ቀን የጎረቤት አገር የመንገድ ሥራ ድርጅት ሊወስዳት መሆኑን ሰማሁ። የባለሙያ ጊዜያዊ የሥራ ቪዛ... ለሁለት ዓመት።

እውነቱን ልንገራችሁ? አንጀቴ ነው እርር ያለው።

ያንኑ ቪዛ እኔ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ሁለቴም ቀድሜ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አውርቼ፣ ሁለቴም አንገቴን ደፍቼ ሥራ ገብቻለሁ። እና አሁን እሷ?

ከዚያ ወዲህ የምታደርገው ነገር ሁሉ ያንገበግበኝ ጀመር።

ጉርድ ፎቶ ተነሳች። «ጆሮ መታየት አለበት ብለውኝ» እያለች ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ መጣች... ጆሮዋ አስቀናኝ። ሳቁ እናንተ፣ በሰው ጆሮ ቀንታችሁ ስለማታውቁ ነው።

ከአለቃችን ጋር ይንሾካሾካሉ። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። እንዳላሟርትባት ፈርታ ነው አልኩና ይባስ ተናደድኩ።

ወደ ስልኩ ልመልሳችሁ...

ሴትየዋ በመጀመሪያ «የቢሮው ኃላፊ ነዎት?» አለችኝ። ተወካይ ነኝ አልኳት። ማን ወከለህ እንዳትሉኝ።

የሥራ ልምዷን ስትጠይቀኝ አልዋሸሁም፣ ሰባት ዓመት አልኳት።

ከዚያ ነው ያን ጥያቄ ያመጣችው። አብሯት በቋሚነት የሚሠራ ባለሙያ አለ ወይ?

ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። ከሰው ጋር ተግባብታ መሥራት መቻሏን ሊያጣሩ ነው አልኩ በሆዴ። ቆይ አሳይሻለሁ...

«የለም» አልኳት። «ብቻዋን ነው የምትሠራው። ከሰው ጋር አይሆንላትም።»

ልብ በሉ... በእኛ መሣሪያ ብቻውን የሚለካ ቀያሽ የለም። አንዱ ሲያይ ሌላው ዘንግ መያዝ አለበት። ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሴትየዋ ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። እርግጠኛ መሆኔን ደግማ ጠየቀችኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። አመስግናኝ ዘጋች።

የዚያን ቀን ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሚሊሜትር ፓስፖርቷን ይዛ ገባች። ቪዛው ተመትቶበታል።

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ብዬባትም ወጣላት? ጥርሴን ነክሼ እንኳን ደስ አለሽ አልኳት።

እሷ ግን ፊቷ ላይ ደስታ የለም። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋች።

ውስጡ የእኔ የትምህርት ማስረጃ አለ... የእኔ የሥራ ልምድ ደብዳቤ... የእኔ ጉርድ ፎቶ። አለቃችን ከማህደሬ አውጥቶ ነው የሰጣት።

ለካ ድርጅቱ የፈለገው አንድ ሰው አልነበረም። አብረው መሥራት የለመዱ ሁለት ቀያሾች ነበር። እሷ ደግሞ ከራሷ ስም ቀጥሎ የእኔን ስም አስገብታለች።

«ሁለቴ ተስፋ አድርገህ ስትመለስ አይቻለሁ» አለችኝ። «ሦስተኛው ሳይሳካ እንድታውቅ አልፈለግኩም። ካለፈ ፊርማህ ብቻ ነበር የሚቀረው።»

ኤምባሲው ግን ቢሮ ደውሎ ሲያጣራ አብሯት የሚሠራ ሰው የለም ተባለ። የእሷን አጽድቀው የእኔን ዘጉት። አለቃችን እውነቱን ሊያስረዳ መልሶ ደውሎ ነበር፣ ድርጅቱ ግን በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተክቷል።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ማን ይሆን ስልኩን ያነሳው?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ይሄኔ እንባዋ መጣ። ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀድሜ ነግሬህ ቢሆን ኖሮ ስልኩን አንተ ጠብቀህ ታነሳው ነበር።»

እኔን... ይቅርታ ጠየቀችኝ።

ከሄደች ዓመት አለፋት። አሁንም ትደውላለች፣ ቦታ ሲከፈት አሳውቅሃለሁ ትለኛለች። እኔም እሺ እላታለሁ። ያን ስልክ ማን እንዳነሳው ግን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ወገኖቼ፣ ትምህርቱ አጭር ነው። በሰው ዕድል መደሰት ቢያቅታችሁ እንኳ ዝም ማለት አያቅታችሁ። እኔ ያን ቀን የማውቀውን እውነት ብቻ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አብሬያት ነበርኩ።

ሚሊሜትር ይህን ገጽ እንደምትከታተል አውቃለሁ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ መሆኔን ግን ይህን ጽሑፍ እስክታነብ ድረስ አታውቅም ነበር...

እናንተ በእሷ ቦታ ብትሆኑ፣ ይቅር ትሉኝ ነበር? ሳትራሩልኝ እውነቱን ጻፉልኝ።