አምባዛው ሲዋኝ

ሮቦቱ እምቦጩ ውስጥ ይንፈራገጣል። ራሱን ግራና ቀኝ ያላጋል፤ በተንፈራገጠ ቁጥር ሥሮቹ ይበልጥ ይተበትቡታል።

ባልደረባዬ ቢያዝን እስከ ጉልበቱ ጣና ውስጥ ገብቶ ሮቦቱ የታሰረበትን ገመድ ይስባል። ከክንድ የማይረዝመውን የጎማ አምባዛ ሁለታችን የሠራነው ከእምቦጩ ሥር እየዋኘ የውኃውን ጤንነት እንዲለካ ነው፤ የሞተር ጀልባ እዚያ ቢገባ ሥሩ ጠምጥሞ ያስቀረዋል።

የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሰብለ ወንጌል ከኋላችን ቆመዋል። ሮቦቱ ዛሬ እምቦጩን ካልተሻገረ ሥራው ይዘጋል፤ ጠዋት መኪና ውስጥ ነግረውናል።

"ሔራን፣" ይሉኛል፣ "ይህ ዓሣችሁ ይዋኛል ወይስ ነፍሱ እየወጣች ነው?"

ቢያዝን ይስቃል። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

"ቢያዝን፣ ሮቦቱን ዋና ያስተማርንበትን የአምባዛ ቪዲዮ የት ነበር የቀረጽነው?"

"ዓሣ ገበያ ነዋ። በሁዳዴ፣ ከጀልባ ሲራገፍ።"

"ከጀልባ ሲራገፍ!"

ፈገግታው ፊቱ ላይ ይደርቃል። "ወይ ጉድ! ማጣጣር ነዋ ያስተማርነው!"

ኮምፒውተሩን ጉልበቴ ላይ እከፍታለሁ። ውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ራሱን አያወናጭፍም፤ እንቅስቃሴው ከአንገቱ ሥር በስሱ ተነሥቶ፣ እየጎላ ሄዶ፣ ዘግይቶ ጭራው ላይ ይደርሳል። የሮቦቱን ራስ የሚያወዛውዘውን የፊተኛውን ሞተር አቆማለሁ። የቀሩትን አንዱ ሌላውን እንዲከተል አዘገያቸዋለሁ።

ቢያዝን አምባዛውን ከሥሮቹ አላቅቆ ያነሣዋል። "ገመዱስ?"

"ፍታው።"

"ከጠፋ ምን ልንል ነው?"

"ፍታው አልሁህ!"

ይለቅቀዋል። አንድ ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ አምባዛው ይሰወራል። እንጠብቃለን። ዶክተር ሰዓታቸውን አይተው ሊናገሩ አፋቸውን ይከፍታሉ።

"ያውና!" ይጮኻል ቢያዝን።

ከእምቦጩ ማዶ፣ በጠራው ውኃ ላይ፣ ጥቁር ጀርባ ብቅ ይላል። ጭራው ሳይቸኩል ይቀዝፋል። ተሻገረ! ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ይወጣል፤ ምን እንዳልሁ አላውቅም።

በዚህ መሐል ራሰ ነጭ ንስር ከዳሩ ዋርካ ላይ ይወረወራል። ውኃውን በጥፍሩ ሰንጥቆ አምባዛችንን ይዞ ይነሣል።

"ልቀቅ! ልቀቀው አንተ!" ዶክተር ሰብለ ወንጌል ከነጫማቸው ጣና ውስጥ ገብተዋል። "የመንግሥት ንብረት ነው!"

ንስሩ ወደ ደሴቶቹ ያቀናል። በጥፍሮቹ መካከል የአምባዛው ጭራ አሁንም አየሩን በእርጋታ ይቀዝፋል።