ጆንያውን አውልቁለት

«ባሌን ምን አልብሳችሁት ነው?» ትላለች ሾሾ፣ ገና ከሞተር ብስክሌቴ ሳትወርድ።

ሾሾ አያቴ ናት። እኛ ኪኩዩዎች የመጀመሪያ ወንድ ልጅን በአባቱ አባት ስም ስለምንጠራ እኔንም «ባሌ» ነው የምትለኝ። ተሳፋሪዎቼ ሲሰሙ ይስቃሉ። አሁን ግን የምትለው እኔን ሳይሆን መንገዱ ማዶ የቆመውን የእውነተኛ ባሏን ሐውልት ነው።

ሐውልቱ ከራሱ እስከ ጉልበቱ በቡና ጆንያ ተሸፍኗል። ከናይሮቢ ይመጣል የተባለው ቀይ ጨርቅ አልደረሰምና የምረቃ ኮሚቴው ከገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ሦስት ጆንያ አምጥቶ አሰፍቷል። እንግዶቹ ድንኳን ሥር ሶዳቸውን ይጠጣሉ። ሐውልቱን የሚመርቁት ባለሥልጣን፣ ክቡርነታቸው፣ ሦስት ሰዓት ዘግይተዋል። የሾሾ ስም የእንግዶቹ ዝርዝር ላይ የለም፤ «ቤተሰቡ ተፈልጎ አልተገኘም» ተብሏል። ቤታችን ከዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም!

አንድ ወጣት ፖሊስ ሐውልቱ ዙሪያ የተወጠረው ገመድ ጋ ያግደናል።

«እማማ፣ እዚሁ ይሁኑ። ሲገለጥ ያዩታል።»

«ማነው የሚገልጠው?»

«ክቡርነታቸው ናቸዋ።»

«ምኑ ናቸው?»

ፖሊሱ ይስቃል። እኔን ግን ጆንያው አያስቀኝም። በእንግሊዞቹ ዘመን ሰላይ ለዓይኑ ብቻ ቀዳዳ ያለው ጆንያ ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ ይቀመጥ ነበር። መንደርተኛው ተሰልፎ በፊቱ ያልፋል። ጆንያው ራሱን የነቀነቀበት ሰው አለቀለት። የጫካ ተዋጊዎች መሪ የነበረው አያቴ የተያዘው እንዲህ ነው። ጆንያው ውስጥ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አናውቅም፤ የልጅ ልጆቹ ግን ድንኳኑ ሥር ሶዳ እየጠጡ ቢሆን አይገርመኝም።

«ያ ጆንያ ራሱን ሲነቀንቅ አይቻለሁ» ትላለች ሾሾ፣ ድምፅዋ ድንኳኑ ድረስ እየተሰማ። «የዚህን ልጅ አባት አርግዤ ነበር። የባሌን ሬሳ እንኳ አላሳዩኝም። ሰባ ዓመት ቆይታችሁ ደግሞ እሱን ራሱን ጆንያ ታለብሱታላችሁ?»

የኮሚቴው ሊቀመንበር ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሰዓቱን ያያል። «እናቴ፣ ፕሮግራም አለን እኮ» ይላል በመጨረሻ።

«ፕሮግራም!» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች። «አንተ ባሌ፣ ቆመህ ታያለህ? አውልቀው።»

ይህን ስም ሠላሳ ዓመት ተሸክሜ ሰው ከማመላለስ በቀር የሠራሁበት ነገር የለም። በገመዱ ሥር ሾልኬ እሮጣለሁ፤ የሐውልቱ መቆሚያ ላይ ወጥቼ ጆንያውን በሁለት እጄ እስበዋለሁ። ስፌቱ ይተረተራል።

የተገመደው የጫካ ጸጉሩ ይወጣል፤ ከዚያ ፊቱ። እሱን ይምሰል አይምሰል የምታውቅ ሾሾ ብቻ ናት። ትክ ብላ ታየዋለች።

«አፍንጫው የእሱ አይደለም» ትላለች። «ይሁን።»

ስወርድ ገመዱን አልፋ ትመጣና ጆንያውን ከእጄ ተቀብላ መሬት ላይ ታነጥፋለች፣ ትቀመጥበታለችም።

ያኔ ነው የመኪኖቹ ሳይረን የሚሰማው። ፖሊሱ አንገትጌዬን ጨምድዶ ይይዛል።

«ክቡርነታቸው አሁን ምን ሊገልጡ ነው? እንጀራዬን ቆረጥከው እኮ!» ማስታወሻውን ያወጣል። «ስም!»

«ጋኩሩ ካሪዩኪ።»

እስክሪብቶው ይቆማል። ቀና ብሎ ከሐውልቱ እግር ሥር የተቀረጸውን ስም ያነባል።

«ትቀልዳለህ? የድንጋዩን አይደለም፣ የራስህን!»

መታወቂያዬን እሰጠዋለሁ። አንዴ ካርዱን፣ አንዴ ድንጋዩን ያያል። አንገትጌዬን የያዘው እጁ ቀስ እያለ ይላላል።

ክቡርነታቸው ከመኪና ይወርዳሉ። ድንኳኑ ሥር ያለው ሁሉ ብድግ ይላል። ሾሾ እግሯን ዘርግታ ጆንያው ላይ እንደተቀመጠች ናት።