ሦስተኛው ዝግባ

የሞተር መጋዙ ሁለተኛውን ዝግባ ጥሎ ወደ ሦስተኛው ሲዞር ጸሐይወርቅ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገባች። ጎረቤቷ «ወንድምሽ ዛፉን እየጣለው ነው» ብላ ስትደውልላት ገበያ ነበረች፤ ከቱላ ገበያ እስከዚህ፣ በስድሳ ዓመቷ፣ ሮጣ ነው የመጣችው።

መጋዙን የያዘው ሽበሺ የሚባል ተቀጣሪ ነው። ከጎኑ ታናሽ ወንድሟ አምሳሉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ጸሐይወርቅ ማንንም ሳታናግር ሄዳ ዛፉን አቀፈችው።

ሽበሺ መጋዙን አጠፋ። «እናቴ፣ ዞር ይበሉልኝ። ሰው ይጎዳል።»

«ሥራ የለም ልጄ። ዕቃህን ይዘህ ሂድ።»

«እሷን አትስማት» አለ አምሳሉ። «መሬቱ የአባቴ ነው።»

መንግሥት በይዞታቸው ላይ አገር በቀል ዛፍ ለሚጠብቁ ሰዎች በየዓመቱ የገንዘብ ድጋፍ ሊሰጥ ነው ከተባለ ወዲህ ጸሐይወርቅ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስትመላለስ ከርማለች። መስፈርቱ አርባ ዛፍ ነው፤ እሷ አርባ ሁለት ነበራት። ዛሬ ረፋድ ላይ ባለሙያዋ ሄራን መጥታ ትቆጥራለች፣ ውሉም ይፈረማል። ከተፈረመ በኋላ ለአሥር ዓመት መቁረጥም መሸጥም የለም። አምሳሉ ግን ቦታው ላይ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው አግኝቷል። ሁለት ዛፍ ወድቋል። አንድ ከተጨመረ ውል የሚባል ነገር አይኖርም።

«እኔ የሰው መጋዘን እጠብቃለሁ፣ አንቺ ዛፍ ትጠብቂያለሽ» አለ። «አሥር ዓመት ሙሉ?»

«ድጋፉን እኩል እንካፈላለን ብዬሃለሁ።»

«የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የማን ነው?»

ስሙ የእሷ ብቻ ነበር። አባታቸው ሲሞት አምሳሉ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ አገር ላገር ይዞር ነበር። ደብተሩ ሲወጣ ስሙን ማስገባት ትችል ነበር፤ አላስገባችም። ውኃ በጄሪካን እያመላለስኩ ዛፎቹን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ ለእኔ ይገባል ብላ ነበር።

«እኔ በቤተሰብ መካከል አልገባም» ብሎ ሽበሺ መጋዙን አንሥቶ ሊሄድ ሲል አምሳሉ ነጠቀው። ሽበሺ ሊያስመልስ ሲታገለው አምሳሉ በክርኑ አፍንጫውን አለው። ሽበሺ ደሙን በመዳፉ ይዞ ወደ አጥሩ አፈገፈገ፤ ስልኩን አውጥቶ ሰው መጥራት ጀመረ።

አምሳሉ እህቱን በነጠላዋ ጎተታት። አልለቀቀችም። በጥፊ መታት፣ ቀጥሎ በቡጢ። ጥርሷ ሲነቃነቅ፣ አፏ በደም ሲሞላ ታወቃት። እጇ ሲላላ ወገቧን ይዞ ወደ ኋላ ወረወራት፤ በወደቀው ዝግባ ቅርንጫፍ ላይ በጀርባዋ አረፈች።

«ጸሐይወርቅ፣ እዚያው ሁኚ» አለ። ዕድሜውን ሙሉ እትዬ ነበር የሚላት፤ በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

መጋዙ ተነሣ። ቅርፊቱን ሲነክስ ብናኙ እግሩ ላይ ይበተን ጀመር። ጸሐይወርቅ በምን ጉልበት እንደተነሣች ኋላም መናገር አልቻለችም። ቅርንጫፍ ሊመለምሉበት ያመጡት መጥረቢያ እጇ ሥር ነበር። ስለቱን ወደ ራሷ አዞረችው፤ ይህን ማድረጓን ግን በደንብ ታስታውሳለች። በጀርባው በኩል፣ ባላት ኃይል ሁሉ፣ ትከሻውን መታችው።

የአጥንቱ መሰበር በመጥረቢያው እጀታ በኩል እጇ ድረስ ተሰማት። መጋዙ ከእጁ አምልጦ ሲወድቅ ሰንሰለቱ ገና አልቆመም ነበር፤ ጭኑን ከፍቶት አለፈና አፈሩ ውስጥ ታነቀ።

አምሳሉ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የተቀደደ ሱሪውን አየ። መጀመሪያ ነጭ ነገር ብቻ ታየ፤ ከዚያ ደሙ ሞላው፣ ከዚያ እየገፋ ይወጣ ጀመር።

«እትዬ» አለ።

መጥረቢያውን ጥላ ላዩ ላይ ወደቀች። ነጠላዋን ጠቅልላ ቁስሉ ውስጥ ሰገሰገችውና በሁለት እጇ ተጫነችው።

ሄራን ቅጿንና የዛፍ ምልክት ማድረጊያ ቀለሟን ይዛ ስትገባ ያገኘቻቸው እንደዚህ ነው። ባለችበት ደርቃ ቀረች። «ምን ሆናችሁ?»

«መጋዙ አምልጦኝ ነው» አለ አምሳሉ። ከንፈሩ ነጥቷል። «ማንም አልነካኝም።»

«እኔ ነኝ የመታሁት» አለች ጸሐይወርቅ፣ ቀና ሳትል። «በመጥረቢያ።»

«እትዬ፣ ዝም በይ።»

«መሬቱም የሁለታችን ነው። ስሙን ያላስገባሁት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊው።»

ሄራን ቅጿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እማማ፣ ክርክር ያለበት ይዞታ ላይ ውል አይፈረምም። ይህን ከጻፍኩ ድጋፉ ይቀርብዎታል።»

«ጻፊው። ይቅር።»

ሽበሺ የጠራው ባጃጅ ደጁ ላይ ደረሰ። አፍንጫው እየደማ መጥቶ አምሳሉን በብብቱ አነሣው፤ ሄራን እግሩን ያዘች፤ ጸሐይወርቅ ቁስሉን ሳትለቅ ጎንበስ ብላ አብራቸው ሄደች። ባጃጁ ውስጥም አልለቀቀችም። አምሳሉ ዓይኑን ሲጨፍን ስሙን እየጠራች ታስከፍተው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ከፈተ፣ በሦስተኛው አልከፈተም።

ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ነርሱ ከቁስሉ በላይ በገመድ ጠፍሮ አሰረለት። ትርታውን አዳመጠ። «አለ» አላት። «ደሙ ቆሟል፣ ይተርፋል። አሁን ይልቀቁት እናቴ።»

ልትለቅ ፈለገች። ጣቶቿ እምቢ አሏት።

ነርሱ አጎነበሰና ከትንሿ ጣት ጀምሮ፣ አንድ በአንድ፣ ከወንድሟ እግር ላይ ይፈለቅቃቸው ጀመር።