የድልድዩ ሥር ፖም

ኤልቫ የእንግዳዋን የፖም ጠጅ አንዴ ተጎንጭታ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

«ምነው፣ ኮመጠጠሽ?» አላት ጎረቤቷ ሜርቭ።

«የኔ ዛፍ ነው።»

«ምኑ?»

«ይቺ ሴትዮ ይህን የጠመቀችው ከኔ ዛፍ ሰርቃ ነው።»

በሁዮን ወንዝ ዳር ያለ ሰው ፖም ሲደርስ ባለቤት የሌላቸውን የመንገድ ዳር ዛፎች እየዞረ ይለቅማል፣ በመኪና ክሪክ ይጨምቃል፣ ጭማቂውን በርሜል ውስጥ ክረምቱን ያከርማል። ዛፎቹ ደግመው ሲያብቡ ሁሉም ጠርሙሱን ይዞ እንደ ዛሬው ወደ መንደሩ አዳራሽ ይመጣል፣ የሁሉንም ይቀምሳል፣ የሁሉንም ያማል። ዛፍሽ የት ነው ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፤ የሴት ዕድሜ ከመጠየቅ ይብሳል።

ኤልቫም ዛፏን ከሜርቭ በቀር ለማንም አሳይታ አታውቅም። ያገኘው ባሏ ክሌም ነበር፣ በተጋቡ ሰሞን፣ ከአሮጌው ድልድይ ሥር። አንድ መንገደኛ ግጦ ከወረወረው ፖም ሳይበቅል አይቀርም። ፖም ደግሞ ከዘሩ ሲበቅል እናቱን አይመስልም፤ ሁሉም የየራሱ ነው። የድልድዩ ሥር ፖም ጠጅ መጀመሪያ ይመራል፣ ቀጥሎ ጭስ ጭስ ይላል፣ ሲዋጥ ማር ይሆናል። ኤልቫ ሌላ ቦታ ቀምሳው አታውቅም።

ክሌም አንድ የክረምት ጠዋት ዓሣ ላጥምድ ብሎ በጀልባው ወደ ባሕር እንደወጣ ቀረ። ጀልባዋ ባዶዋን ተገኘች። ሜርቭና ጓደኞቹ ባሕሩን ቢያስሱ ቢያስሱ ከኮፍያው በቀር ምንም አላገኙም። ያን ዕለት በማለዳ ወደ ድልድዩ ሥር ሲወርድ ሜርቭ አይቶት ነበር። ኤልቫ ይህን ባነሳች ቁጥር ታለቅሳለች፤ ነፍሱ ነግራው ዛፉን ተሰናብቶት ሄደ ብላ ነው የምታምነው። መቃብር ስለሌለው በየዓመቱ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወስዳ ዛፉ ሥር ታፈስለታለች።

ባለፈው ለቀማ ስትሄድ የዛፉ ግማሹ ባዶ ነበር። ሜርቭ «አውሬ በልቶት ነው፣ ሌሊት ዛፍ ላይ የሚወጡት ፖሰሞች መቼ ሰው ይጠብቃሉ» ብሏት ነበር። አላመነችውም።

አሁን ብድግ ስትል ክንዷን ያዛት።

«ተይ ኤልቫ። ሰው ልትጠይቅ ከሰሜን የመጣች እንግዳ ናት። ደግሞ የመንገድ ዳር ፖም ያገኘ ይለቅመዋል።»

«የመንገድ ዳሩን ይልቀም፤ የኔን አይነካም!»

እንግዳዋ ሬሊን ትባላለች፤ ቀይ፣ ሳቂታ ሴት ናት። ኤልቫ ፊቷ ሄዳ ተገተረች።

«ይህን ከየት ለቀምሽው?»

 እዚያ ቤት እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

«እኔ? ከጓሮዬ ነዋ።»

«ከጓሮሽ!»

«እውነቴን ነው። እንዲያውም ባሌ ከቤት እንዳታወጪው ብሎኝ ነበር። ደብቄ ነው ያመጣሁት፤ እባክሽ ነገር አታካብጂብኝ።»

«ሰማችሁ? ደብቄ አለች!» ኤልቫ ወደ ሰዉ ዞረች። «ባልሽ ለምን ይከለክልሻል? የሰው መሆኑን ስለሚያውቅ ነዋ! ዓይን አውጣ!»

ሬሊን እንባዋ መጣ። ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ የጓሮዋን ዛፍ ፎቶ አሳየቻት። ኤልቫ መነጽሯን አደረገች። ፖሞቹ ጎባጣ ናቸው፣ አንገታቸው ላይ ዝገት የመሰለ ነገር አለ፤ ቁርጥ የሷው ናቸው። ከዚያ ግንዱን አየች። ከጉልበት ዝቅ ብሎ ያበጠ ጠባሳ ነበረው።

«ይሄማ ተቀጥሎ ያደገ ነው» አለች።

የአንዱን ዛፍ ፖም ሌላ ቦታ ለማግኘት በክረምት፣ ዛፉ ቅጠሉን አርግፎ ሲተኛ፣ ከራሱ ቅርንጫፍ ቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ ሰክቶ ማሰር ነው። አዳራሹ ውስጥ ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እኔ ፍሬ ሰረቁኝ እላለሁ፣ ለካ ዛፉን ራሱን ነው የወሰዱት! ማነው የቆረጠው?»

«ባሌ ነው የተከለው። እኔ ስለ ዛፍ ምን አውቄ።»

«ደውዪለት።»

«ኤልቫ፣ በቃ» አለ ሜርቭ።

«አይበቃም! ከዚያ ዛፍ ሌላ ምን ቀረኝ? እናንተ ዘመዶቻችሁን አበባ የምታስቀምጡበት ድንጋይ አላችሁ። እኔ ያለኝ እሱ ነው። ደውዪለት ብያለሁ፣ ሁሉም ይስማው!»

ሬሊን ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ጥሪው ተነሳ። ኤልቫ ከወዲያ በኩል ቃል እስኪወጣ አልጠበቀችም፤ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብላ አንባረቀችበት።

«ስማ አንተ ሌባ! ከአሮጌው ድልድይ ሥር የቆረጥከው የሟች ባሌ ዛፍ ነው! የሙት ማስታወሻ ላይ ቢላ ስታነሳ እጅህ አይንቀጠቀጥም? ስንት ዓመት ያለቀስኩበት ዛፍ ነው! ወንድ ከሆንክ እዚህ መጥተህ ዓይን ዓይኔን እያየህ ካድ!»

 ስልኩ አልተዘጋም፤ ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ሬሊን ግራ ገብቷት አንዴ ስልኩን አንዴ ኤልቫን ታያለች። ሜርቭ ብርጭቆውን እንደያዘ ቀርቷል።

«ተናገር እንጂ!» አለች ኤልቫ። «ምላስህን ዋጥከው?»

«ኤልቫ?» አለ ክሌም።