የተሞላው ጥርስ

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ዘመድ የሚባል ነገር ስለሌላት ሆስፒታል አብሬያት የሰነበትኩት እኔ ነኝ። ከማህፀኗ ጎን፣ የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ የወጣ እጢ ተጠማዝዞባት በድንገት ኦፕራሲዮን አደረጓት። «ካንሰር ነው» ብላ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዶክተሩ ገባ።

«አይዞሽ፣ ካንሰር አይደለም። ዴርሞይድ ይባላል፤ ፀጉርም ጥርስም የሚያበቅል እጢ ነው። ብዙ ሴቶች ላይ እናየዋለን።»

እፎይ አልን። እኔም አላስችል ብሎኝ፣ «አንቺ ስስታም! ቤትሽ ሰው አይገባም ስንል ለካ ሰውሽን ሆድሽ ውስጥ ደብቀሽዋል!» አልኳት። ስፌቷን በእጇ ደግፋ ሳቀች።

ዶክተሩ አልሳቀም። ስልኩን አውጥቶ ከእጢው የወጣውን ጥርስ ፎቶ አሳየን። መንጋጋ ነው፤ መሃሉ ላይ እንደኔው ጥርስ ግራጫ ብረት ተሞልቶበታል።

«ለጥርስ ሐኪማችንም አሳየሁት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተቦርቡሮ ነበር። አንድ ሰው አጽድቶ፣ በጥንቃቄ ሞልቶታል።»

እኔ አፌን በእጄ ያዝኩ። እሷ ግን ፎቶውን ትክ ብላ አየችና፣

«እሱስ የሚያስብለት ሰው ነበረው» አለች።